ለካናዳ የጥናት ፈቃድ ለምትዘጋጁ ልጆቼ

ከዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላም ትራንስክሪፕታቸውንና ዲግሪያቸውን ይዘው ምክር የሚጠይቁኝ ወጣቶች አልጠፉም። ብዙዎቹ የሚጨነቁት ስለ ካናዳ የጥናት ፈቃድ፣ እናንተ ስታዲ ፐርሚት ስለምትሉት ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም «ባንክ ውስጥ ስንት ብር ቢኖረኝ ይበቃል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ መምጣቱ ግን አይገባውም። ማመልከቻችሁን የሚመረምረው መኮንን በአብዛኛው በአካል አያገኛችሁም፤ ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ አስቀድማችሁ፣ የምታስገቡት ወረቀት ሁሉ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ዓላማ የሚናገር መሆኑን ተመልከቱ።

በእኔ እምነት ከሁሉም ይበልጥ ሊደከምበት የሚገባው፣ ብዙዎችም በመጨረሻው ምሽት የሚጽፉት ወይም ለሌላ ሰው ከፍለው የሚያስጽፉት፣ የጥናት ዕቅዱ ነው። ካየኋቸው ዕቅዶች አብዛኞቹ ካናዳ ሰላማዊ አገር እንደሆነች፣ ትምህርቷም በዓለም የታወቀ እንደሆነ በመተረክ ይጀምራሉ። መኮንኑ ስለ ካናዳ ከእናንተ የሚማረው ነገር የለም፤ ማወቅ የሚፈልገው ስለ እናንተ ነው። እስካሁን ምን ተማራችሁ፣ ምን ሠራችሁ፣ ይህ ትምህርት በዚያ ላይ ምን ይጨምራል፣ ለምን እዚሁ አገር ወይም በአነስተኛ ክፍያ ሌላ ቦታ አልተማራችሁትም፣ ከጨረሳችሁ በኋላስ ምን ልትሠሩበት አሰባችሁ? ለምሳሌ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ አራት ዓመት የሠራ ሰው ለአንድ ዓመት የቢሮ አስተዳደር ሰርተፊኬት ቢያመለክት፣ ምክንያቱን አጥጋቢ በሆነ መንገድ ካላስረዳ በቀር፣ መኮንኑ ትምህርቱን ለመግቢያ ሰበብ ያደረገው አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በአንጻሩ ጅማ ውስጥ በቡና ጥራት ምርመራ ላይ የቆየች ልጅ በምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመሥራት ብታመለክት፣ የምትወስዳቸውን ኮርሶች በስም እየጠቀሰች ከሥራዋ ጋር ልታያይዛቸው ስለምትችል፣ አሳማኝ ዕቅድ ለመጻፍ የሚያምር እንግሊዝኛ እንኳ አያስፈልጋትም።

«ለመቅረት እንደማስብ ካወቁ ይከለክሉኛል» የሚለውን ስጋት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 22 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ወደፊት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን መፈለግ ብቻውን ለጊዜያዊ ፈቃድ መከልከያ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ ሆኖም የተፈቀደላችሁ ጊዜ ሲያልቅ አገሩን እንደምትለቅቁ መኮንኑ ማመን አለበት። ለማመልከቻዎች ውድቀት በተደጋጋሚ የሚሰጠውም ምክንያት ይኸው፣ «በቆይታዎ ማብቂያ እንደሚወጡ አላመንኩም» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው በመሐላ የተሞላ ደብዳቤ አይደለም። የሥራ ቦታችሁ የሰጠው የትምህርት ዕረፍት ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ኃላፊነታችሁን የሚያሳይ ሰነድ፣ በሙያችሁ ያለው የሥራ ዕድል፣ ከዚህ ሁሉ እውነት የሆነውን ብቻ አቅርቡ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ካናዳ ለረጅም ዓመታት ከአንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት ኑሮ የምትጠይቀው 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ወደ 20,635፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ 22,895 ከፍ አደረገችው። ይህ ከኩቤክ ውጭ ላሉ ክፍላተ ሀገር ለብቸኛ አመልካች የተተመነ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያና የጉዞ ወጪ በላዩ ይጨመርበታል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዓምና በቂ የነበረ ተቀማጭ ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል፤ ማመልከቻውን በምታስገቡበት ሳምንት እንደገና አስሉት። ከመጠኑ ይልቅ አመልካቾችን የሚጥላቸው ግን የገንዘቡ ምንጭ ነው። የአራት ወር የባንክ ስቴትመንት ስታቀርቡ፣ ሦስቱን ወር ባዶ የነበረ ሒሳብ በአራተኛው ወር ሁለት ሚሊዮን ብር ቢገባበት፣ ከዘመድ ለማሳያ የተበደራችሁት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ቤት ተሽጦ ከሆነ የሽያጭ ውሉን፣ አባት ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን፣ ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ያለች አክስት የምትከፍል ከሆነ የገቢዋን ማስረጃና ለምን እንደምትከፍል የሚገልጽ ደብዳቤዋን አያይዙ።

አሁን የራሴን ሙያ ወደሚመለከተው ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ የወጪ መጋራት ክፍያችሁን ሳትጨርሱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንደማይላክላችሁ ታውቃላችሁ፤ ይሁን እንጂ ከየዓመቱ ተመራቂ ብዙው ይህን የሚያስታውሰው የውጭው ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ነው። ክፍያውን ቀድማችሁ ፈጽሙ፣ ማስረጃውንም በእጃችሁ አኑሩ። የስም አጻጻፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጸጋዬ የሚለው ስም በዲግሪው ላይ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ተጀምሮ በፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ» ብቻ ቢጻፍ እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ እኛን ለማያውቅ መኮንን ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። የማመልከቻውን ቅጽ በፓስፖርታችሁ መሠረት ሙሉ፤ ሌላው ሰነድ ሊስተካከል የሚችል ከሆነ በጊዜ አስተካክሉት፣ ካልሆነም ልዩነቱን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ጨምሩ። የልደት ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ታኅሣሥ 25 ቀን 1995 የተወለደ ሰው ሰባት ዓመት ብቻ ደምሮ 2002 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2003 ነው። ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት የሚፈጠረው የአንድ ቀን ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ መስከረም 15 ቀን 1996 ሴፕቴምበር 26 እንጂ 25 አይደለም፣ በልደት ሰርተፊኬትና በፓስፖርት መካከል ይህን ዓይነት ልዩነት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የተቀረው ሥርዓት ራሱን የቻለ ትርጉም አይሻም፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይገባል፣ 150 የካናዳ ዶላር ይከፈልበታል፣ ለአሻራና ለፎቶግራፍ 85 ዶላር ይጨመራል፣ የጤና ምርመራውም በተፈቀደላቸው ሐኪሞች ይከናወናል። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ከብዙ አመልካቾች ተማሪው ለክፍለ ሀገሩ ከተመደበው የተማሪ ቁጥር ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ፣ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የሚሰጠው የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ በመንግሥት ተቋማት ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩ ግን ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከዚህ ነፃ ሆነዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላችሁ ልጆች ይህን ልብ በሉት።

«ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን» ስለሚሉት ጉዳይ አስፈጻሚዎች ያለኝን አስተያየት ሳልሸፍን ልናገር። ቅጽ በመሙላት የሚረዱ ቅን ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የባንክ ወረቀት «የሚያዘጋጅ»፣ ያልነበረ የሥራ ልምድ የሚጽፍ ሰው የሚያስከፍላችሁ ከኮሚሽኑ በላይ ነው። ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ የመቀበያ ደብዳቤ እውነተኛነት ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጥታ ይጣራል። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ሕጉ አመልካቹን ለአምስት ዓመት ከካናዳ ያግዳል፤ ሰነዱን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው ማለትም በአብዛኛው አያድንም፣ ማመልከቻው የቀረበው በእናንተ ስም ነውና። ስለዚህ ማንም ቢረዳችሁ የመጨረሻውን ቅጂ ገጽ በገጽ ሳታነቡ አይላክ፤ ማመልከቻው የሚገባበትን የኢንተርኔት አካውንታችሁንም የይለፍ ቃል ራሳችሁ ያዙ።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን በማግስቱ ያንኑ መልሶ መላክ ክፍያውን በከንቱ ማውጣት ነው። የመኮንኑን ማስታወሻ መጠየቅ ይቻላል፤ ከአጭሩ ደብዳቤ ይልቅ ምን እንዳላሳመነው በግልጽ ይናገራል። ውሳኔው ምክንያታዊ አይደለም የምትሉ ከሆነ፣ ከካናዳ ውጭ ለተሰጠ ውሳኔ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ራሱ አይሰጥም፣ ጉዳዩን ለሌላ መኮንን ይመልሰዋል፣ የጠበቃውም ክፍያ ከባድ ነው። ለብዙዎቻችሁ የሚሻለው የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ነው። በዚያን ጊዜ ቅጹ ከዚህ ቀደም በካናዳም ሆነ በሌላ በማንኛውም አገር ቪዛ ተከልክላችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። የአሜሪካ ኤምባሲ ከሁለት ዓመት በፊት የከለከላችሁንም ቢሆን «አዎ» ብላችሁ ጻፉት፤ ሁለቱ አገሮች የኢሚግሬሽን መረጃ ይለዋወጣሉ።