ስለ ነዳጅና ከመነሳት በፊት ስለሚደረግ ፍተሻ፦ ጠይቁ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በረራ የምትማሩ ልጆች ጥያቄ ስላበዛችሁብኝ እዚሁ እንጨርሰው። የማወራው ስለ ሴስና 172ኤስ ነው፣ ባለ አራት መቀመጫዋ ትንሽ አውሮፕላን። ሌላ የምታበሩ የራሳችሁን ማኑዋል ክፈቱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የነዳጅ ጌጁ (መጠን አመልካቹ) ግማሽ ካሳየ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል?

መልስ፦ ጌጁን ተወው። መሰላል ይዘህ ክንፉ ጋ ውጣ፣ ክዳኑን ክፈት፣ መለኪያ ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ክተት፣ የረጠበበትን አንብብ። ዘንጉ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ይሁን፣ የሌላው ይዋሻል። አውሮፕላኑ ተዳፋት ላይ ከቆመም ንባቡ ይሳሳታል። ስትዘጋው የክዳኑን ጎማ እየው። ከተሰነጠቀ ዝናብ ያስገባል፣ አየር ላይ ደግሞ ነዳጅህን እየመጠጠ ያወጣዋል።

ሌላ አባል፦ የአሜሪካ የበረራ ሕግ ራሱ ጌጅ ትክክል መሆን ያለበት ባዶ ሲሆን ብቻ ነው ይላል እኮ።

ሌላ አባል፦ ማን ነገረህ? እንዲህ የሚባል ሕግ የለም!

መልስ፦ ተረጋጉ። ሕጉ የሚለው፣ ሞተሩ ሊጠቀምበት የሚችለው ነዳጅ ሲያልቅ ጌጁ ዜሮ ያሳይ ነው። ሌላ ጊዜ ይዋሽ አላለም። ዘንጉና ጌጁ ካልተስማሙ አነስተኛውን እመኑ። በረራ ላይ ጌጁ ካሰባችሁት በላይ ቶሎ ከወረደ ደግሞ ቅርብ ያለው ሜዳ ላይ ማረፍ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ልያዝ? በቁጥር ቢያሳዩን።

መልስ፦ እሺ፣ ይሄ ጥያቄ ነው። ጉዞው 240 ኖቲካል ማይል ነው እንበል። ነፋስ ከሌለ በ120 ኖት (በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል) ሁለት ሰዓት ነው። ከፊት 20 ኖት ነፋስ ከመጣ ሁለት ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት 10 ጋሎን ያዝ፣ 24 ጋሎን። ለመነሻና ለመውጫ 2 ጨምር፣ 26። ሕጉ ቀን ላይ፣ በዓይን ለሚበር፣ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይበቃል ይላል፤ 31 መሆኑ ነው። እኔ ግን አንድ ሰዓት እይዛለሁ፣ ስለዚህ 36። አሁን ታንኩ አፍ ውስጥ እስካለችው ምልክት ብትሞላ በሁለቱ ክንፍ የምታገኘው 35 ነው። ሕጋዊ ነህ፣ እኔ ግን አልነሳም። ወይ እጨምራለሁ ወይ መሃል ላይ አርፌ እቀዳለሁ። እስከ አፉ ብትሞላው 53 ጋሎን ትጠቀማለህ፣ ጋሎኑ 6 ፓውንድ ስለሆነ 318 ፓውንድ ነው። አራት ሰው ከጫንክ መጀመሪያ ክብደቱን አስላ። ደግሞ የማኑዋሉ ፍጆታ ሚክስቸሩን፣ ማለትም የነዳጅና የአየር ድብልቁን፣ ነዳጁን ቀንሶ በደንብ ላሳሳ ሰው ነው። የሚክስቸሩን ቀይ መቆጣጠሪያ ሙሉ ገፍተህ የምትበር ከሆነ ያ ቁጥር ያንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ ማታስ?

መልስ፦ በሕጉ 45 ደቂቃ። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ የ1989ኙ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላንም ኮሞሮስ ላይ ነዳጅ ጨርሶ አይደል የወደቀው?

መልስ፦ እሱ ጠለፋ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም እያለ ለጠላፊዎቹ ነግሯቸዋል፣ አላመኑትም። ከኛ ርዕስ ጋር አይገናኝም።

ሌላ አባል፦ ባሕር ላይ አሳርፎ 50 ሰው ተረፈ እኮ! ጀግና ነው።

ሌላ አባል፦ 125 ሰውም ሞቷል፣ እሱንም አንርሳ።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ወደ ነዳጃችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ከስር የሚቀዳው ናሙና ላይ ምን ልይ?

መልስ፦ 172ኤስ ላይ 13 ቦታ ትቀዳለህ፣ አንዱንም አትዝለል። ጽዋውን ነጭ ነገር ላይ አስደግፈህ እየው። የኛ ነዳጅ፣ 100ኤልኤል የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን፣ ሰማያዊ ነው። ውሃ ካለ ከስር ድብልብል ብሎ ይቀመጣል። ጽዋው በሙሉ ቀለም አልባ ከሆነ ግን ንጹሕ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፣ ሁሉም ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ቀጂው የጄት ነዳጅ ሞልቶልሃል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ። የኛው ተንኖ ይጠፋል፣ የጄቱ የቅባት ክብ ይተዋል። ቀጂው ሲሞላ ደግሞ አጠገቡ ቁም።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ስለ ምኑ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጌጁ ሩብ ላይ ከሆነስ...

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብብ። ዘንግ!

ጥያቄ፦ የምከራየው አውሮፕላን ውስጥ ዘንጉን አጥቼው ነው እኮ።

መልስ፦ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ኪስ ውስጥ ፈልግ። እዚያ ከሌለ ቢሮ ጠይቃቸው። እነሱም ከሌላቸው እስከ አፉ አስሞላው፣ ክብደቱ ካልፈቀደ ሌላ አውሮፕላን ተከራይ።