ሜትፎርሚን ሆዴን አወከው፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ዕድሜዬ 54 ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን ከጀመርኩ ወዲህ ሆዴን ይነፋኛል፣ ያስቀምጠኛል። በቅርቡ ግሊቤንክላሚድ ተጨመረልኝ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ «ክኒኑ ኩላሊት ይጨርሳል፤ እኔ ትቼው ደህና ነኝ» አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሆድዎን የሚያውከው አንዱ ክኒን ነው፤ የሚያንቀጠቅጥዎ ግን ሌላው ይመስለኛል። እኔን ያሳሰበኝም ይሄኛው ነው።

ግሊቤንክላሚድ ቆሽትዎ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋፋል። በሉም አልበሉም ሥራውን አያቆምም። ጠዋት ውጠውት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመሱ ስኳርዎ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ላቡና መንቀጥቀጡ የዚህ ምልክት ነው፤ ሲብስ ግራ ያጋባል፣ ራስን ያስታል። ባዶ ሆድ ላይ አረቄ ከተጨመረበትማ የባሰ ነው።

ምልክቱ ሲጀምር ሰዓቱን አይጠብቁ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት ይድገሙት፤ ሲሻልዎት እህል ይብሉ። ራስዎን ከሳቱ ቤተሰብ በአፍዎ ምንም ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰድዎት፤ ይህን ዛሬውኑ ይንገሯቸው። መድኃኒቱ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቢሻልዎትም ዝም ብለው አይተኙ፤ ጤና ጣቢያ ይታዩ።

እንደሚጾሙ ለሐኪምዎ ነግረዋል? በእኛ በጎጃም ብዙ ታካሚ ጾሙን ከሐኪም ይደብቃል፤ አትጹም ብሎ የሚቆጣው ይመስለዋል መሰለኝ። ቢነግሩት መጠኑን፣ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ራሱን ሊቀይርልዎ ይችላል። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ።

ወደ ሜትፎርሚን ስንመጣ፣ ሆድ ማወኩ የታወቀ ነው፤ በብዙ ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደበሉ ይዋጡት። ካልተወዎት መጠኑን ወደ 500 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። ትውከት ወይም ብርቱ ተቅማጥ ከያዘዎት ግን ለጊዜው አቁመው ይታዩ።

የኩላሊቱ ወሬ የተገለበጠ ነው። ሜትፎርሚን ኩላሊት አያበላሽም። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ሰው ሲቆም ያይና ያበላሸው እሱ ነው ይላል። ኩላሊትን የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ጎረቤትዎ «ደህና ነኝ» ሲል ለክቶ ነው ወይስ ስላላመመው ብቻ? እርስዎ ግን ኩላሊትዎን ቢያንስ በዓመት አንዴ ያስመርምሩ።

ነገ ሁለቱንም ክኒኖች ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ መንቀጥቀጡ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርዎትም ይንገሯቸው። እስከዚያ ግሊቤንክላሚድን ቁርስ ሳይበሉ አይዋጡ።