ማላሙት ወይስ ሴንት በርናርድ፦ ለደሴ ግቢ

ከሁለቱ ትልልቅ የውሻ ዘሮች፣ ከአላስካ ማላሙትና ከሴንት በርናርድ፣ ለደሴ ግቢዬ የትኛውን ልውሰድ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ ሴንት በርናርዱን ውሰድ። ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ አሥር ዶሮዎችና አንዲት በግ አሉ ባልከው ግቢ ውስጥ የአላስካ ማላሙት አይሆንህም። ማላሙት በበረዶ ላይ ከባድ ጭነት ለመጎተት የተራባ ውሻ ነው፤ ትናንሽ እንስሳትን የማሳደድ ጠባዩም ብርቱ ነው። ሥራ ካጣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ያላዝናል። ቤት ይጠብቅልኛል ብለህም አትድከም፤ ከሌባው ጋር ሳይቀር ይወዳጃል።

ሴንት በርናርድ በስዊዘርላንድ አልፕስ ተራሮች መነኮሳት ያሳደጉት፣ በበረዶ የጠፉ መንገደኞችን ይፈልግ የነበረ ዘር ነው። ረጋ ያለ ነው፣ ልጆችንም ይታገሣል። ነገር ግን ሲያድግ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ታናሹን ልጅ ሳያስበው ሊጥለው ይችላል፤ ብቻቸውን አትተዋቸው። ለሃጩም ብዙ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሰህ አትቅረበው። ዕድሜው አጭር መሆኑን ደግሞ ለልጆቹ ቀድመህ ንገራቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የደሴ ብርድ ይስማማዋል፣ ዝቅ ብሎ ያለው ሞቃቱ ኮምቦልቻ ግን ሌላ ነው። እኔ ለሠርግ ስወርድ ውሻዬን በመኪና ይዤው ሄድኩ። በቀትር ምላሱን ዘርግቶ አለከለከ፣ እግሩም ተሳሰረ። ጥላ ውስጥ አስተኝቼ ሆዱንና እግሮቹን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ እያራስኩ ነው የተረፈው። ዘመዶቼ "ፀጉሩን ላጨው" አሉኝ፤ እንዳትሰማቸው፣ ከፀሐይም የሚከልለው ያው ፀጉር ነው። ወደ ታች መውረድ ካለብህ በማለዳ ውረድ፤ ካልሆነም ከሚጠብቀው ሰው ጋር ደሴ ይቆይ።