ስሙ የተፋቀ አይሲን መለየት፦ ጥያቄና መልስ

በደሴና በአካባቢዋ ኢንቨርተር፣ ስታቢላይዘርና ሬዲዮ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ስለ አይሲ (በቦርድ ላይ ስለሚተከለው ባለብዙ እግር ቺፕ) ለአንድ አንጋፋ ባልደረባቸው ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? በእጄ ባለ አንድ የሶላር ኢንቨርተር ላይ የባለ16 እግሩ አይሲ ስም በአሸዋ ወረቀት ተፍቋል። አንዱ ቲኤል494 ነው ይለኛል፤ ሌላው ኤስጂ3525 ነው ይላል። እንዴት ልለየው?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲቀርብ ለመመለስም ደስ ይላል። አስቀድመህ ባትሪውን ንቀል፤ ትልልቆቹንም ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን) በሬዚስተር አራግፍ። ከዚያ ግማሽ ክብ ምልክቱን ወደ ላይ አድርገህ፣ ከግራ በኩል ካለው የመጀመሪያ እግር ጀምረህ ወደ ታች፣ ቀጥሎም በቀኝ በኩል ወደ ላይ ቁጠር። በሁለቱም አይሲዎች 5ኛው እግር ላይ ካፓሲተር፣ 6ኛው ላይ ሬዚስተር ስለሚገኝ፣ እነዚህን ሁለት እግሮች ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። የሚለያያቸው 12ኛው እግር ነው። በኤስጂ3525 12ኛው ግራውንድ (የኔጌቲቩ መስመር)፣ 15ኛው ኃይል መቀበያ ነው፤ በቲኤል494 ግን ግራውንዱ 7ኛው ሲሆን ኃይል የሚገባው ራሱ በ12ኛው ነው። ስለዚህ መልቲሜትሩን መስመር ሲገናኝ በሚጮኸው መለኪያ ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ከኢንቨርተሩ የባትሪ ኔጌቲቭ መግቢያ፣ ሌላውን ከ12ኛው እግር ጋር አገናኝ። ከጮኸ ወደ 3525 አዘንብል። ከ11ኛውና ከ14ኛው የሚወጡት መስመሮች በትንንሽ ሬዚስተሮች አልፈው ወደ ሞስፌቶቹ (ኃይሉን ወደሚያበሩትና ወደሚያጠፉት ትራንዚስተሮች) ጌት፣ ማለትም መቆጣጠሪያ እግር፣ የሚሄዱ ከሆነ ጥርጣሬህ ይወገዳል። አይሲው በሕይወት ካለ ደግሞ፣ ከረንቱ በተገደበ ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት ስትሰጠው 3525 በ16ኛው እግር ላይ 5.1 ቮልት፣ 494 በ14ኛው ላይ 5 ቮልት ያሳይሃል። አንዱን በሌላው ቦታ መትከል አዲሱን አይሲ ከነሞስፌቶቹ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ የኃይሉንና የግራውንዱን እግር ሳታረጋግጥ ምንም አትትከል።

ከመርሳ፦ ጥቁር አይሲ ተቃጥሎብኛል። ምን ልግዛ?

መልስ፦ አይሲ ሁሉ ጥቁር ነው። ስንት እግር አለው? ከምን ዕቃ ላይ ነው? ኃይሉ በየትኛው እግር ይገባል? እነዚህ ሳይነገሩ የሚሰጥ መልስ ገንዘብህን የሚያባክን ግምት ነው።

ከወልዲያ፦ በአሮጌ ቦርድ ላይ ኤስኤን7400ኤን እና ከሥሩ 8437 የሚል አገኘሁ። 8437 የሚባል አይሲ ግን ላገኝ አልቻልኩም።

መልስ፦ 8437 የተመረተበት ጊዜ ነው፤ የ1984 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) 37ኛ ሳምንት ማለት ነው። ስሙ 7400 ነው።

ከሐይቅ፦ ከደርግ ዘመን በቀረ የሶቪየት መለኪያ መሣሪያ ላይ ኬ155ኤልኤ3 የሚል አለ። ምትክ ይኖረዋል?

ከኮምቦልቻ፦ እሱ ራሱ 7400 ነው፤ ያለ ሐሳብ ተካው።

ከባቲ፦ እኔ አልስማማም። በሶቪየት አይሲ የእግሮቹ ርቀት 2.5 ሚሊሜትር፣ በምዕራቡ ደግሞ 2.54 ስለሆነ በቀዳዳው ልክ አይገባም።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ እኔ ተክዬ ሠርቶልኛል።

ከባቲ፦ እኔ ደግሞ በባለ40 እግር ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት፤ ክርክሩ ግን ሂሳቡን ከሠራችሁት ያበቃል። በባለ14 እግር በአንድ ጎን ያለው ልዩነት ተደምሮ 0.24 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ እግሩ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ በባለ40 ግን ወደ 0.76 ሚሊሜትር ስለሚደርስ ችግር ይሆናል። የሐይቁ ወንድማችን 7400ን መትከል ይችላል፤ 14ኛው እግር 5 ቮልት፣ 7ኛው ግራውንድ መሆኑን ግን አስቀድሞ በመልቲሜትር ያረጋግጥ።

ከደሴ፦ የሞባይል ቻርጂንግ አይሲስ?

መልስ፦ የሞባይል ሥራ የእኔ ዘርፍ አይደለም።

ከደሴ፦ በጥቁር ሙጫ የተሸፈነው ክብ አይሲስ?

መልስ፦ እሱን ለመለየት አትድከሙ፤ ቦርዱን ለውጡ።

ከቆቦ፦ ከገበያ የገዛሁት አይሲ እንደገና የተጻፈበት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በአሴቶን የረጠበ ጥጥ ፊቱን እሸው። ጥጡ ከጠቆረና ከሥሩ የተፋቀ ሻካራ ገጽ ብቅ ካለ ተቀብቶ ነው። ሳይለቅ ቢቀር ግን ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም፤ አሴቶን የማያስለቅቀው ቀለምም አለና።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ቅድም የጠየቅኩት ነኝ። አይሲው ባለ14 እግር ነው፤ ከሪሌ (በኤሌክትሪክ ከሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ስታቢላይዘር ላይ ነው። 4ኛው እግር 12 ቮልት ከሚሰጠው ሬጉሌተር (ቮልቱን ከሚያረጋጋው ዕቃ)፣ 11ኛው ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷል።

መልስ፦ አብሽር፣ አሁን ጠየቅህ። በእንዲህ ዓይነት ስታቢላይዘር ላይ በብዛት የሚገጥሙህ ኤልኤም324 እና ኤልኤም339 ናቸው። 339 ቢሆን ኃይሉ በ3ኛው፣ ግራውንዱ በ12ኛው እግር ይሆን ነበር፤ በነገርከኝ መሠረት ግን 324 ነው። ሪሌዎቹን የሚነዱት ትራንዚስተሮች ከ1ኛው፣ ከ7ኛው፣ ከ8ኛው ወይም ከ14ኛው እግር ትእዛዝ የሚቀበሉ መሆናቸውን ተከታትለህ አረጋግጥ። አዲሱን ከመትከልህ በፊት ስታቢላይዘሩን ከሶኬት ነቅለህ ካፓሲተሩን አራግፍ፤ የተቃጠለውንም አውጣ። ከዚያ ኃይል ሰጥተህ በባዶው ቦታ ላይ በ4ኛውና በ11ኛው መካከል በእርግጥ 12 ቮልት መኖሩን ለካ። 324 ከሚችለው ከ32 ቮልት በላይ ካገኘህ የመጀመሪያውን አይሲ የገደለው ሬጉሌተሩ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱን ሳትቀይር 324 አትግዛ።