መልስ፦ ሳልቡታሞሉ እያሻለኝ ቤክሎሜታዞን ለምን?

አዎ እህቴ፣ ሁለቱም በአፍ የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች ናቸው፤ ቤክሎሜታዞኑን ግን ደህና በሆንሽበት ቀንም ሐኪሙ እንዳዘዘልሽ ሳቢው።

ሳልቡታሞል የሚያላቅቀው በአየር ቧንቧሽ ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ ነው። ቶሎ የሚያሻልሽም ለዚህ ነው። ከሥር ያለውን ብግነት፣ ማለትም የቧንቧውን መቆጣትና ማበጥ፣ ግን አይነካውም። በአስም ብዙ ጊዜ ኢኦሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች እዚያው ተሰብስበው የቧንቧውን ግድግዳ ያሳብጡታል። ስለዚህ የአዳማ አቧራ በተነሳ ቁጥር የትንፋሽ ማጠሩ ማታ ማታ ይመለስብሻል። ቤክሎሜታዞን ይህን ብግነት ያበርዳል፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። በአንድ ቀን አትፍረጂበት።

አደራ፣ ከሳብሽ በኋላ በውኃ ተጉመጥመጪና ትፊው። ይህን የዘለሉ ሰዎች ምላሳቸው ላይ ነጭ ፈንገስ ሲወጣባቸው ደንግጠው መድኃኒቱን ሲተዉ አይቻለሁ። ሳልቡታሞሉን ደጋግመሽ ስበሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።