አማካሪ ልሁን ለምትሉ የሰሜን ሸዋ ልጆች

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በአረርቲ፣ በሸዋ ሮቢትና በየወረዳው ሆናችሁ የፖለቲካ ኮሙኒኬሽን አማካሪነትን እንጀራዬ ላድርገው ለምትሉ ሁሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ ሥራውን የምታውቁት በመድረኩ ባነር፣ በፌስቡክ ፎቶና በመግለጫው ነው። ይህ የሚታየው ጫፉ ነው። አማካሪ ደመወዙን የሚያገኘው አለቃው አፉን ከመክፈቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው፤ ውጭ ያለውን እውነት ሳይሸራርፍ ወደ ቢሮው ማስገባት። ከቢሮው ወደ ውጭ ማውጣቱን ማንም ትጉ ልጅ በጥቂት ወራት ይለምደዋል።

የማዳበሪያን ነገር እንውሰድ፤ በዞናችን በየዓመቱ ሰው የሚያነታርከው እሱ ነውና። ኃላፊው «ማዳበሪያ ገብቷል» ሊል ተነሥቷል። የት ነው የገባው? የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ መጋዘን፣ የቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር ወይስ ገበሬው ቤት? ኃላፊው የመጀመሪያውን ይዞ ይናገራል፣ ገበሬው ሦስተኛውን ይሰማል፤ ጠቡ እዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ስልክ አንሡና የማኅበሩን መጋዘን ጠባቂ ጠይቁ፦ ዩሪያ ስንት፣ ኤን ፒ ኤስ ስንት፣ የተመዘገበው ገበሬ ስንት፣ ሽያጩ የሚጀመረው መቼ፣ ዋጋው ስንት። ቁጥሩን ሲነግራችሁ «በኩንታል ነው በከረጢት?» በሉት። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ አንድ ኩንታል ይሆናሉ። ይህችን ያልጠየቀ አማካሪ አለቃውን የመጣውን እጥፍ ያስነግረዋል፤ እርማት ቢወጣም ሰው የሚያስታውሰው የፊተኛውን ነው።

ወቅቱንም አትርሱ። የመንዝ ደጋ የበልግ ገብሱን የሚዘራው ክረምት ሳይገባ ነው፤ የምንጃር ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ላይ። ለዞኑ ሁሉ አንድ መግለጫ ጽፋችሁ ሰኔ ላይ «ለዘር ዝግጅቱ ተጠናቋል» ካላችሁ የበልጉ ገበሬ ቢስቅባችሁ አይፈረድበትም።

ቁጥሩ ከሪፖርቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ለአለቃ መንገር ይከብዳል። እኛ ዘንድ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው፣ ይሉኝታውም አለ። መላው ቀድሞ፣ ለብቻው፣ በወረቀት ነው። «ይህን ቁጥር ከተናገሩት ከቀበሌው የመጣ ሰው እዚያው ተነሥቶ ይክዳል፤ ማኅበሩ የሰጠኝ ይኸኛው ነው፣ የሰጠኝም ሰው ስልኩ ይኸው» በሉ። ምትኩን ሳይይዙ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ብቻውን ምክር አይባልም። ሰምቶ እንቢ ቢላችሁ ማስታወሻችሁን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። ሐሰት መሆኑን እያወቃችሁ ግን በእጃችሁ አትጻፉት።

ንግግር ስትጽፉ በሰዓት ለኩ። አማርኛ በረጋ ድምፅ ሲነበብ በደቂቃ ወደ 100 ቃል ይሄዳል፤ ሰባት ደቂቃ ከተሰጣችሁ ከ700 ቃል አትለፉ፣ ሜዳ ላይ ከሆነም ከዚያ ቀንሱ። ፊደሉን ተለቅ አድርጉ፤ «ጽ/ቤት»ን «ጽሕፈት ቤት» ብላችሁ ዘርዝሩ፣ አንባቢ የሚደናቀፈው እዝባሩ (/) ላይ ነው። ዓረፍተ ነገር በሁለት ገጽ አይከፈል፤ ገጾቹም ቁጥር ይኑራቸው። የደብረ ብርሃን ንፋስ ወረቀት በትኖ ተናጋሪን ሲያደናብር ላየ ሰው ይህ ምክር ትንሽ አይመስለውም። ከዚያ ጽሑፉን ጆሮው ለነቃ አንድ አዛውንት አንብቡለት። የእኛ አገር ሰው ቅኔ ለምዷል፤ እናንተ ያላሰባችሁትን ወርቅ ከሰሙ ሥር ፈልቅቆ እስከ ምሳ ሰዓት በየጠላ ቤቱ ያዞረዋል።

«ርብርብ እየተደረገ ነው»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በትኩረት እየተሠራ ይገኛል» የሚሉትን ሰርዙ። በእያንዳንዳቸው ቦታ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለውን አስገቡ፤ የሚገባ ነገር ካጣችሁ የሚነገር ነገር የለም ማለት ነው። «90 በመቶ ተጠናቋል» ከተባለም የምኑ 90 በመቶ ነው? የገንዘቡ ወይስ የግንባታው?

ለቃለ መጠይቅ አለቃችሁን ስታዘጋጁ ከሚከብደው ጥያቄ ጀምሩ፤ ከቀላሉ የጀመረ ሰው ሰዓቱ ሳይበቃው ከከባዱ ጋር ስቱዲዮ ውስጥ ይገናኛል። ለውጭ ዜና ወኪል የሚሄድ ነገር ካለ የሰዓት አቆጣጠሩን ለዩ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የእኛ ነው፣ ለእነሱ 9 ነው። በዚህች ምክንያት ባዶ አዳራሽ የጠበቀው ጋዜጠኛ ብዙ ነው።

አደጋ የደረሰ ዕለት ደግሞ ፍጥነት ጠላታችሁ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም በወረደበት ጠዋት መኪና ቢገለበጥ ስልካችሁ በፎቶ ይሞላል። የሟች ስም፣ ፊት የሚታይበት ፎቶ፣ የታርጋ ቁጥር አይውጣ። መርዶ በአገራችን በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ በዘመድ አፍ ይነገራል፤ እናት የልጇን ሞት ከወረዳው ገጽ ካነበበች ያን ቢሮ ምንም የሐዘን መግለጫ አይመልሰውም። መጀመሪያ የሚወጣው ቦታው፣ ሰዓቱ፣ መንገዱ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ፣ ቁስለኞች የተወሰዱበት ሆስፒታልና ቀጣዩ መረጃ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። የሟች ቁጥር ፖሊስና ሆስፒታል ከተስማሙ በኋላ ይደርሳል።

ወሬም እንዲሁ ነው። «ውሃው ተበክሏል» የሚል ነገር ቴሌግራም ላይ ቢዞር፣ ሳታጣሩ «ሐሰት ነው» አትበሉ፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ ከዚያ በኋላ የሚያምናችሁ የለም። ውሃ አገልግሎቱን ጠይቁ፣ ናሙና ተወስዶ ከሆነ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ያዙ፣ እስከዚያ አፍልቶ መጠጣት ያስፈልግ እንደሆነ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ይናገር። ርእሳችሁ ላይም ወሬውን አትድገሙት፤ ርእስ ብቻ አንብቦ የሚያልፈው ይበዛል። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለውን ደግሞ ሳይጠፋ አስቡ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ሰው ጋ የደረሰው ሬዲዮ፣ የእድር ጥሩምባ፣ ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ የሚነገር ቃል ነበር። የእድር ዳኞችን፣ የደብር አስተዳዳሪዎችንና የመስጊድ ኢማሞችን ስልክ በወረቀት ያዙ።

ከሕግ ሁለቱን በደንብ አንብቡ። የምርጫ አዋጁ 1162/2011 ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ቅስቀሳን ይከለክላል፤ ሰው የሚሳሳተው አስቀድሞ በሰዓት ቀጥሮ ያስቀመጠው ፖስት በእነዚያ ቀናት በራሱ ሲወጣ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ 1185/2012 ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨን ሐሰተኛ መረጃ ጠንከር አድርጎ ይቀጣል። የወረዳ ገጽ ይህን ቁጥር በቀላሉ ያልፋል። የመንግሥት መኪና፣ ካሜራና ገጽ ለፓርቲ ቅስቀሳ አይውልም፤ «ለዛሬ ብቻ» ሲባል ወረቀት ላይ ጻፉልኝ በሉ፣ አብዛኛው ጥያቄ እዚያው ይቀራል።

መግቢያው ብዙ ነው፦ የወረዳ ኮሙኒኬሽን፣ የከተማ አስተዳደር ሕዝብ ግንኙነት፣ ኤፍ ኤም ሬዲዮ። እኔ ሬዲዮን አስበልጣለሁ፤ አጭር መጻፍ ያስተምራል፣ ስሕተትም ወዲያው ይሰማል። አፋን ኦሮሞን ጨምሩበት፤ በዚህ ዞን ዙሪያ ላለ ሰው ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ሹመኛ ሲነሣ አማካሪው አብሮ እንደሚነሣ ግን ከመጀመሪያው ዕወቁት። ትርጉም፣ አርትዖት ወይም ማስተማር፣ አንዱ ሙያ በእጃችሁ ይኑር፤ ነገ የሚበላው ያለው ሰው ነው ዛሬ ለአለቃው እውነቱን የሚናገር።

ስትለቁም በሥርዓት ልቀቁ። የገጹ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣበት ሲም ካርድ በግል ስማችሁ ከሆነ ቢሮው የራሱን ገጽ ያጣል፣ እናንተም በሌላ ሰው ፖስት ትጠየቃላችሁ። ሲሙ ገና ሥራ ስትጀምሩ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይውጣ፣ የገጹ አስተዳዳሪዎች ከአንድ በላይ ይሁኑ፣ ርክክቡ በፊርማና በቀን ይጻፍ፣ አንዱ ቅጂም እናንተ ዘንድ ይቅር።