ኮምቦልቻ ተቀምጦ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ መጻፍ ይቻላል?

«ኮምቦልቻ ተቀምጬ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ጸሐፊ መሆን እችላለሁ? ኑሮስ ያስኬዳል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። እኔ ደሴ ነኝ፤ አራት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፤ ቤቴን የያዘልኝ ግን የመምህርነት ደመወዜ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጪውን የመለሰው በሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ፤ መጻፉን ግን ነገ ዛሬ ሳትይ ጀምሪ።

እኔን የፈተነኝ ቃል ማብዛት ነው። የመጀመሪያው ታሪኬ በግ ስለጠፋባት ልጅ ነበር። «ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ከተማው ነጭ ጋቢ የለበሰ መስሎ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። እንዴት እንደወደድኩት! ሠዓሊው ገጹን ሥሎ ሲያመጣ ጉሙ እዚያው አለ፤ የጦሳ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል፣ የልጅቷ እግር እስከ ጉልበቷ አይታይም። ዓረፍተ ነገሬን አንጀቴ እያረረ ሰረዝኩትና «በጓ የለችም» የሚል ብቻ አስቀረሁ። አንደኛ ክፍል ገብቼ ሳነበው አንድ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ፤ ጣቱን በገጹ ላይ እየጎተተ ከጉሙ ጥግ የበጓን ጭራ አገኘና «ይቻት!» ብሎ ጮኸ። በረጅሙ ጽሑፍ ጊዜ ግን እነዚያው ልጆች መስኮት መስኮት ያዩ ነበር። ሥዕሉ የተናገረውን ጽሑፉ አይድገመው፤ ከዚህ በላይ የምነግርሽ የለኝም።

ገጹን አስቀድመሽ ቁጠሪ። በዓለም ላይ የተለመደው 32 ገጽ ነው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚሰጥ ሁለቱ 32 ይሆናሉ። መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ ቀጭን መጽሐፍ ከሆነ ገጹ ለአራት መካፈል አለበት። ጥያቄው በቀኝ ገጽ ይሁን፣ መልሱ ሲገለጥ ይገኝ፤ ልጅ ገጽ የሚገልጠው ጓጉቶ ነው።

ሕትመት ላይ ተቃጥያለሁ። ያ ውብ ጉም የዕቃ እጣቢ መስሎ ታትሞ መጣልኝ። ቀለሙን ያጸደቅኩት በስልኬ አይቼ ነበር። ስልክ በብርሃን ያሳያል፣ ማተሚያው በአራት ቀለም ያትማል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። በወረቀት የታተመ ናሙና በእጅሽ ሳትይዢ «ይታተም» እንዳትይ። የገጹ ምስል የሚወጣበት የማተሚያ ሰሌዳ ወጪ 500 ቅጂም ታተመ 3000 ያው ስለሆነ፣ ጥቂት ማሳተም የአንዱን ዋጋ ያንረዋል።

ከሠዓሊሽ ጋር ዘመድ ብትሆኑም በጽሑፍ ተዋዋሉ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉም እንደ ጽሑፉ የራሱ ባለመብት አለው፤ መብቱ የሚቆየው ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ነው።

ስለ ምን ልጻፍ ላልሽው ደግሞ፣ አንበሳና ዝሆን ፍለጋ አትድከሚ። እናቷ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እስክትመለስ በር ላይ የምትጠብቅ ልጅ በኮምቦልቻ ስንት አለች? የቦርከና ውኃስ በክረምት ሲሞላ ልጆች ምን ይላሉ? እኔ የማላውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ልጆች ሰብስቤ አነባለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ነይ፤ ያንቺንም እናነብላቸዋለን። ሥዕሉ ባይደርስ በእርሳስ የተነካካም ይበቃል።